ነፍሰ ጡር ጋቢና ስትቀመጥ ቀበቶ ትሰር ወይስ ይቅርባት?

ወንድሜ፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ባለቤትህን ይዘህ ከባሕር ዳር ጎንደር ልትሄድ ነው፤ ቀበቶው ሆዷን እንዳይጫናት ፈርተህ «ቪትዟ ኤርባግ ስላላት ቀበቶው ይቅርባት?» ብለሃል። በፍጹም እንዳይቀርባት! ኤርባግ፣ ማለትም በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት፣ የቀበቶ አጋዥ እንጂ ምትክ አይደለም። ግጭት ሲፈጠር ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ ባልሞላ ጊዜ በኃይል ይነፋል፣ ያልታሰረ ሰው ደግሞ ወደ ፊት ተወርውሮ ገና እየተነፋ ካለው ከረጢት ጋር ይላተማል፤ መላተሙ ራሱ ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል።

ዋናው አስተሳሰሩ ነው። የታችኛው ማሰሪያ ከሆዷ በታች ዝቅ ብሎ ዳሌዋ አጥንት ላይ ይለፍ፣ ሆዷ ላይ በጭራሽ አይረፍ። የላይኛው ከትከሻዋ ወርዶ በጡቶቿ መካከል አልፎ በሆዷ ጎን ይሂድ። ጋቢ ከደረበች ገለጥ አድርጋ ከስር ትሰር፤ ከላይ ከሆነ ቀበቶው ይላላል። ወንበሯን ወደ ኋላ ሳቡላት። አንተም ደረትህና መሪው መሃል ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ይኑር። እግሯ ሲደክማት ዳሽቦርድ ላይ እንዳትሰቅል አደራ፣ ኤርባጉ ከተነፋ እግሯን ሊሰብረው ይችላል። ወረታ ወይም አዲስ ዘመን ላይ ወርዳ ትንሽ ትንቀሳቀስ።

መኪናዋ ያገለገለች ከሆነች ኤርባጉ መኖሩንም ዝም ብለህ አትመን። ቁልፍ ስትከፍት የኤርባጉ ምልክት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ ወይም በርቶ ከቀረ ሳትነሱ ለባለሙያ አሳየው።

አያድርገውና ቀላል ግጭት እንኳ ቢገጥማችሁ፣ ምንም ባያማትም በዚያው ሐኪም ቤት ውሰዳት።