የኋላ ታምቡር ፍሬን ሲያፈስ

ሰላም ወንድሜ። የፍሬን ሸራውን፣ ማለትም ታምቡሩን ከውስጥ እየተፋተገ የሚይዘውን፣ ቤት ውስጥ ራስህ ቀይረህ ከገጠምክ በኋላ የኋላ ግራ ጎማ ከውስጥ በኩል መርጠብ ጀመረ ነው ያልከው። አብሽር፣ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ግን ሳትጨርሰው መኪናዋን አታንቀሳቅሳት። በተለይ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት እንዳትወርድባት፣ አደራ።

መጀመሪያ የፈሰሰውን በጣትህ ነካ አድርገህ እየው። ቀጭንና ቀለም የሚያስለቅቅ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው። ወፍራምና የሚከረፋ ከሆነ ግን የዲፈረንሻል (የኋላ ጎማዎችን የሚያዞረው ማርሽ) ዘይት ነው፤ ያኔ የሚያፈሰው ፍሬኑ አይደለም።

የፍሬን ዘይት ከሆነ ታምቡሩን አውልቅና ሸራውን የሚገፋውን የሲሊንደሩን የላስቲክ ቆብ ገለጥ አድርገው። ውስጡ ከረጠበ ጎሚኒው፣ ማለትም ዘይቱን የሚይዘው የፒስተኑ ላስቲክ፣ አልቋል። እኔንም የገጠመኝ ይኼው ነው። አዲስ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ፒስተኑን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ጎሚኒው ለዓመታት ነክቶት የማያውቀው ዝገት ላይ ያርፍና ይቆረጣል። አውጥቼ ሳየው ጠርዙ በምላጭ የተበጣ ይመስል ነበር። ታምቡሩ ወልቆ ሳለ ፔዳል ረግጠህ ከሆነም ፒስተኑ ከቦታው ወጥቶ ይሆናል።

እኔ ብሆን ሲሊንደሩን እንዳለ፣ በሁለቱም በኩል እቀይረዋለሁ። ዝገት ላይ አዲስ ጎሚኒ ማስገባት አያዋጣም። ጎሚኒውን በቤንዚን ወይም በናፍጣ እንዳታጥበው፣ ያብጣል። ዘይት የጠጣ ሸራም በሁለቱም ጎን ይቀየር፤ ቢታጠብም አይመለስም። ከዚያ ታምቡሩን ገጥመህ ከፍሬኑ መስመር ውስጥ አየሩን አስወጣ። በመጨረሻም ፔዳሉን ጠንክረህ ረግጠህ ያዘው፤ ቀስ እያለ ከሰመጠ ገና የሚያፈስ ቦታ አለ።