«አንድ ፍሬ ብቻ» ለምትሉ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ሠላሳ ዓመት የሳንባ ሕሙማንን ሳክም ኖሬያለሁ። «ታጨሳለህ?» ስለው «ኧረ አላጨስም ዶክተር» የሚለኝ ወጣት ብዙ ነበር። «ሳብ ታደርጋለህ?» ብዬ ስጠይቀው ግን «እሱማ፣ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ሁለት ፍሬ» ይላል። ፍሬ! ለብርቱካን የምንለው ቃል። ፓኮ ሳይገዛ፣ ከጀብሎ አንድ አንስቶ እዚያው የሚለኩስ ልጅ ራሱን አጫሽ ብሎ አይቆጥርም። አጫሽ ለእሱ ጣቱ ቢጫ የሆነ፣ ሲጋራ በሲጋራ የሚለኩስ ሽማግሌ ነው።

«ላይት»፣ ማለትም ቀለል ያለ ሲጋራ፣ የሚለውን ቃል ደግሞ ያመጣው ፋብሪካ ነው፤ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። በፊልተሩ ዙሪያ በዓይን የማይለዩ ቀዳዳዎች አሉ። በጢሱ ውስጥ ያለውን ኒኮቲንና ታር (ዝፍት መሰል ቆሻሻ) የሚለካው ማሽን ሲስብ አየር በእነሱ ይገባና ጢሱ ይሳሳል፣ የሚለካው ቁጥርም ያንሳል። ሰው ግን ቀዳዳዎቹን በጣቱና በከንፈሩ ይደፍናል፤ ኒኮቲኑ ሲያንሰውም ጠለቅ አድርጎ ይምጋል። የአውሮፓ ኅብረት ቃሉን ከፓኮ ላይ ያስነሳው በ2003 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካ ደግሞ በ2010 ነው። እስከዚያ ድረስ ስንቱ «ቀለል ያለውን ነው የማጨሰው» እያለ ሳንባውን ጨረሰ!

ሲጋራን በቃል ማሳመር የቆየ ነገር ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. በፋሲካ ዕለት ኒውዮርክ ውስጥ ወጣት ሴቶች በሰልፍ መሃል ሲጋራ እንዲለኩሱ ተደርጓል። ነገሩን ያቀነባበረው የትምባሆ ኩባንያ የቀጠረው ኤድዋርድ በርኔይስ ነበር። ሲጋራው «የነጻነት ችቦ» ተባለ። ችቦ ለደመራ የምናበራው ነው፤ ይህ ስም ለሲጋራ መዋሉ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

ሺሻንም «ጢሱ በውሃ ይጣራል» ትላላችሁ። ውሃው ያበርደዋል እንጂ አያጠራውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ አንድ ሰዓት ሺሻ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚስበው ጢስ ከአንድ ሲጋራ ጢስ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ «አንድ ሁለት» ማለቱን ትታችሁ ቁጠሩ። በሳል የመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፊቴ በጣቱ እንዲቆጥር ጠየቅሁት። «ጠዋት ከቡና ጋር አንድ፣ ታክሲ ስጠብቅ አንድ፣ ከምሳ በኋላ…» እያለ አሥሩን ጣቶቹን ጨረሰ። ሁለተኛውን ዙር ሲጀምር ዝም አለ። ካርዱ ላይ «አጫሽ» ብዬ ስጽፍ አልተከራከረኝም። ማቆም ከየት እንደሚጀመር ነው የጠየቀኝ።