ስንጥቁን ለመድፈን አትቸኩሉ

ዘንድሮ በምህንድስና ተመርቃችሁ ወደ ግንባታ ሥራ ለምትገቡ ልጆቼ፣

ገና የመጀመሪያው በጋ ሳያልፍ አንድ ዘመድ ይደውልላችኋል። «ቤታችን ተሰነጠቀ፤ እስቲ መጥተህ እይልን» ይላል። ቤቱ ቦሌ፣ ለቡ ወይም አቃቂ ቃሊቲ ከሆነ ከሥሩ ዋልካ የሚባለው ጥቁር የሸክላ አፈር እንዳለ ከቤታችሁ ሳትወጡ ብትጠረጥሩ አያስወቅሳችሁም። ስትደርሱ ደግሞ ሲሚንቶ ያቦካ ግንበኛ ቆሞ ሲጠብቃችሁ ታገኛላችሁ። መጀመሪያ እሱን አስቁሙት።

ዋልካ ውስጥ ያለው ሞንትሞሪሎናይት የሚባለው የሸክላ ማዕድን በስስ ንጣፎቹ መካከል ውኃ እያስገባ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ክረምት ሲገባ የቤቱ ዙሪያ ይርሳል፣ በጋ ላይ ይደርቃል፤ ከወለሉ ሥር ያለው መካከለኛው አፈር ግን ፀሐይም ዝናብም አያገኘውም። ቤቱ በሙሉ እኩል ቢነሣና እኩል ቢወርድ ማንም ባላወቀ ነበር። አንዱ ጥግ ብቻውን ሲወርድ ግን ግድግዳው ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ይቀደዳል። ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች የሚጠብ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ጥጉ እንደወረደ ወይም መካከሉ እንደተነሣ ይናገራል። ከታች የሚሰፋው የዚህ ተቃራኒ ነው።

«ትንሽ ቪላ ናት፣ ምን መሠረት ያስፈልጋታል» የሚል ባለቤት በየሰፈሩ አለ። ፎቁ በክብደቱ አፈሩን ተጭኖ ይይዘዋል፤ በዋልካ ላይ ይበልጥ የምትጎዳው ያቺ ቀላል ቪላ ናት።

ግንበኛውን አስቁሙት ያልኩት በምክንያት ነው። በጥር ስንጥቁ ሰፍቶ ሳለ በማይለጠጥ ሲሚንቶ ከተሞላ፣ ክረምት ላይ አፈሩ አብጦ ግድግዳውን ወደ ቦታው ሲመልሰው መግቢያ ያጣል። ሲሚንቶው ሽብልቅ ሆኖ ሌላ ቦታ ይሰነጥቀዋል። በየዓመቱ የሚደፈን ቤት በየዓመቱ የሚብሰው አንድም በዚህ ነው።

ስለዚህ እርሳስ አውጡ። የስንጥቁን ሁለት ጫፎች ምልክት አድርጉ፣ ቀኑን ጻፉበት፣ ስፋቱን በማስመሪያ ለኩ፤ በላዩም ትንሽ የጂፕሰም ልጥፍ አድርጉበት። ልጥፉ ከተሰበረ ቤቱ አሁንም ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። በጥቅምት፣ በጥር፣ በሚያዝያና በሐምሌ ተመልሳችሁ ለኩ። በበጋ ሰፍቶ በክረምት የሚገጥም ስንጥቅ የእርጥበት ጉዳይ ነው። ወቅት ሳይለይ የሚሰፋ ከሆነ ሌላ ነገር ፈልጉ፤ ያልተጠቀጠቀ ሙሌት፣ አሮጌ ጉድጓድ፣ የሚፈስ ቧንቧ።

አንድ ዓመት የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ግድግዳው ከውኃ ልክ ወጥቶ ካዘመመ፣ ኮለኑ (የኮንክሪት ምሰሶው) ተሰንጥቆ ብረቱ ከታየ፣ ወይም ስንጥቁ ከ15 ሚሊ ሜትር ካለፈ ሰዎቹን ከክፍሉ አስወጡና ልምድ ያለው የአፈርና የስትራክቸር መሐንዲስ ጥሩ።

በመጠበቂያው ዓመት እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡም። ቤቱን ከውጭ ዙሩት። ከገጠመኝ ቤት አብዛኛው በሽታው ውጭ ነበር፦ የተቀደደ አሸንዳ፣ ሞልቶ የሚፈስ የውኃ ታንከር፣ ግድግዳ ሥር የተቆፈረ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ወይም እመቤቲቱ ማለዳ ማለዳ የምታጠጣው አንድ ወገን ብቻ ያለ የአበባ መደብ። የጣሪያውን ውኃ በቱቦ ከግቢው አውጡ። በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ ኮንክሪት አንጥፉ። ይህ ብቻውን ያረጋጋው ቤት ጥቂት አይደለም።

ባህር ዛፍ ሌላ ራስ ምታት ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ቢያወጣም፣ ለመሠረት ክፉ ጎረቤት ነው፤ ሥሩ ከሩቅ ውኃ ይመጥጣል፣ አፈሩንም ያደርቃል። ለማንኛውም ዛፍ ቢያንስ የቁመቱን ያህል ርቀት ስጡት። ቤቱ ከተሠራ በኋላ አሮጌውን ዛፍ በአንድ ቀን መቁረጥም አደጋ አለው፤ ደርቆ የነበረው አፈር ለዓመታት ውኃ እየጠጣ ያብጣልና። ቅርንጫፉን በየጊዜው ማሳጠሩ ይሻላል።

አዲስ ቤት የምትነድፉ ከሆነ ከመሠረቱ ጉድጓድ አንድ ጣሳ አፈር ውሰዱ። ደርቆ የተነፋ 10 ሚሊ ሊትር ዱቄት ውኃ ባለበት ባለ 100 ሚሊ ሊትር መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ጨምራችሁ እስከ ማግሥቱ ተዉት። ያበጠው አፈር 20 ሚሊ ሊትር ከደረሰ ወይም ካለፈ በተለመደው መሠረት አትሥሩ። ፉቲንጉ፣ ማለትም የመሠረቱ እግር፣ እርጥበቱ ከወቅት ወቅት ከሚለዋወጥበት ጥልቀት በታች ይውረድ፤ ግሬድ ቢሙም (ግድግዳውን የሚሸከመው የመሬት ላይ አግዳሚ ኮንክሪት) አፈሩ ሲያብጥ እንዳይገፋው ከሥሩ ክፍተት ይኑረው። ዋልካውን አውጥቶ ገረጋንቲ፣ ማለትም የማያብጥ ጠጠራማ አፈር፣ መሙላት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የውኃ መውጫ ያልተሠራለት ገረጋንቲ በዋልካ ተከብቦ ውኃ የሚያጠራቅም ገንዳ ይሆናል። ይህን ብዙ ሥራ ተቋራጭ አይነግራችሁም።

«ጠብቁ» ስትሉ ባለቤቱ ይከፋዋል። ምንም ያልሠራችሁ ይመስለዋል። ለአራት ጊዜ ጉብኝት ሒሳብ ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ሳይለካ ከሚደረግ የመሠረት ጥገና ይልቅ ይህ እጅግ ይረክሳል። ልጅ ልድር ነው፣ እንግዳ ይመጣብኛል ካለም በሚለጠጥ መሙያ አልብሶ ቀለሙን ይቀባ። መሠረቱን ግን የሐምሌው ልኬት ሳይመጣ አትንኩ።