የሕጻን አንጎል ግንኙነቶች ሲቀንሱ ጉዳት ነው ወይ?

አይደለም። «የሁለት ዓመት ልጅ ከአዋቂ የበለጠ የነርቭ ግንኙነት ካለው፣ እያደገ ሲሄድ መቀነሱ አንጎሉ እየደከመ ነው ማለት ነው?» ላልከው፣ የሚቀንሱት የነርቭ ሕዋሶቹ አይደሉም፤ በመካከላቸው ያሉት መገናኛዎች፣ ማለትም ሲናፕሶች ናቸው። ግራ ያጋባህ እሱ ይመስለኛል።

ሕዋሶቹ በአብዛኛው ከመወለድ በፊት ተሠርተው ያልቃሉ። አዋቂ ሰው 86 ቢሊዮን ገደማ አለው። ከተወለደ በኋላ አንጎል መጀመሪያ መገናኛ ያለ ስስት ይዘረጋል፤ ከዚያ ደጋግመው የሚሠሩት ይጠነክራሉ፣ ሥራ የፈቱት ይወገዳሉ። ችግኝ እንደማሳሳት በለው። ማይክሮግሊያ የሚባሉ ሕዋሶች ትርፉን መገናኛ ቃል በቃል ይውጡታል፤ እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ይኼ ነው።

ጊዜው በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። የማየት ክፍሉ ቀድሞ ይጨርሳል። እቅድ የሚያወጣውና ስሜትን የሚገታው የግንባር ክፍል ግን እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ይቀጥላል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ይህን ርዕስ ለሰው ሳስረዳ ደጋግሞ የሚገጥመኝ «ከ3 ዓመት በኋላ በሩ ይዘጋል» የሚል ድምዳሜ ነው። አይዘጋም፣ አዋቂም ይማራል። በማየት ላይ ግን ነገሩ ጠበቅ ይላል፦ በዓይን ሞራ የተወለደ ሕጻን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ካልታከመ፣ ሞራው ኋላ ቢወጣለትም አንጎሉ ከዚያ ዓይን የሚመጣውን ምስል በደንብ መለየት ሊያቅተው ይችላል። በሕጻን ዓይን ብሌን ላይ ነጭ ነገር ካየህ «ሲያድግ ይጠፋል» ብለህ አትጠብቅ፣ ቶሎ ሐኪም ይየው።