ልጄ ፖሊስ ነው ወይስ ተዋጊ?

ጥያቄ፦ ልጄ የአሜሪካ ምድር ጦርን ተቀላቅሎ ለወታደራዊ ፖሊስነት (በእንግሊዝኛው ምሕጻር ኤም ፒ) ተመድቧል። «እማዬ፣ የፖሊስ ሥራ ነው፤ ካምፕ ውስጥ መኪና እየነዱ መዞር ነው» እያለ ያጽናናኛል። ጎረቤቴ ግን «ኤም ፒም እኮ ይዋጋል» አሉኝ። ማንን ልመን?
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ጎረቤትዎ ልክ ናቸው። ልጅዎም አልዋሸም፤ የነገረዎት ግን ግማሹን ነው።

በሰላም ጊዜ በጦር ሰፈር ውስጥ የሚሠራው ሥራ ከከተማ ፖሊስ ሥራ ብዙም አይለይም። ከፍጥነት ወሰን በላይ የነዳውን ያስቆማል፣ የባልና ሚስት ጠብ ሲደወልለት ሄዶ በር ያንኳኳል፣ ቃል ይቀበላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ደግሞ ሪፖርት ይጽፋል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1878 የወጣ ሕግ፣ ሕገ መንግሥቱ ወይም የአገሪቱ ምክር ቤት በግልጽ ካልፈቀደ በቀር፣ ምድር ጦሩ በሲቪሎች ላይ ሕግ እንዳያስከብር ስለሚከለክል፣ ልጅዎ በእርስዎ ሰፈር ጎዳና ላይ ሹፌር አስቁሞ መንጃ ፈቃድ ሊጠይቅ አይችልም።

ጦርነት ሲመጣ ይኸው ወታደር የስንቅና የጥይት ኮንቮይ ያጅባል፣ መንገድ ይጠብቃል፣ ምርኮኛ ይረከባል። ለዚህ ሲባል ክፍሉ ብዙ የሬዲዮ መገናኛ፣ በመኪና ላይ የተጠመደ መትረየስና 40 ሚሊ ሜትር ቦምብ የሚተኩስ መሣሪያ ይታጠቃል። ግንባሩን አልፎ ከኋላ የሚመጣ ጠላት አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው እነዚህኑ ነው። በቬትናም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1968 ሌሊት በሳይጎን የአሜሪካ ኤምባሲ ሲጠቃ የጎን በሩን ይጠብቁ የነበሩት ሁለት ወታደራዊ ፖሊሶች ነበሩ፤ ሁለቱም በዚያው ወደቁ። በኤምባሲው ከሞቱት አምስት አሜሪካውያን አራቱ ኤም ፒዎች ናቸው።

ይበልጥ ግልጽ የሚያደርገው ግን እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 2005 ከባግዳድ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በሳልማን ፓክ አቅራቢያ የሆነው ነው። አንድ የጭነት መኪና ኮንቮይ በደፈጣ ተኩስ ሲቆም፣ ከኋላ በሦስት መኪና ይከተል የነበረው የኬንተኪ ብሔራዊ ዘብ የኤም ፒ ጓድ ጭነት መኪናዎቹን አልፎ ወደ ጎን ታጠፈና የአጥቂዎቹን መሸሻ ዘጋ። ያኔ የ23 ዓመት ወጣት የነበረችው ሃምሳ አለቃ ሊ አን ሄስተር ከጓድ መሪዋ ጋር ምሽግ ውስጥ ወርዳ በጠመንጃና በእጅ ቦምብ አጸዳችው። ውጊያው ሲያበቃ 27 አጥቂዎች ሞተው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የሲልቨር ስታር ኒሻን የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ወታደር እርሷ ናት። ሴቶች በእግረኛ ጦር እንዳይመደቡ በተከለከለበት በዚያ ዘመን፣ በፖሊስነት የገባች ሴት ምሽግ ስታጸዳ መገኘቷ ስለዚህ ሙያ ብዙ ይናገራል።

በእኔ አስተያየት ከጥይቱ ይልቅ የሚከብደው መለዋወጡ ነው። በካምፕ ውስጥ መሣሪያ የመጨረሻ አማራጭ ሲሆን፣ ደፈጣ ላይ ግን የሚያመነታ ይሞታል፤ እነዚህን ሁለት ደመ ነፍሶች በአንድ ሰው ውስጥ አብሮ ማሳደር ቀላል አይደለም። ሦስተኛውም ሥራ፣ ማለትም ምርኮኛ ጥበቃ፣ የራሱ ወጥመድ አለው። በኢራቅ በአቡ ግራይብ እስር ቤት አሜሪካውያን ጠባቂዎች እስረኞችን ሲያሰቃዩና ሲያዋርዱ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች እ.ኤ.አ. በ2004 ለዓለም ወጡ፤ ጉዳዩን በዚያው ዓመት የመረመሩት ሜጀር ጄኔራል አንቶኒዮ ታጉባ ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ፣ ጠባቂ ኤም ፒዎች እስረኛን ለመርማሪ «የማመቻቸት» ሥራ ውስጥ ጨርሶ መግባት የለባቸውም የሚል ነበር። ጥፋተኞቹ በጦር ፍርድ ቤት ቢቀጡም፣ የጠባቂና የመርማሪ ድንበር ሲደበዝዝ ምን እንደሚከተል ዓለም አይቷል።

አሁን እርስዎ ልጅዎን ሊጠይቁት የሚገባው አንድ ነገር አለ። በሚዙሪ፣ ፎርት ሌናርድ ዉድ የሚሰጠውን፣ ወደ 20 ሳምንት የሚጠጋውን ሥልጠና ሲጨርስ የምደባ ትእዛዝ ይደርሰዋል። የተመደበው በጦር ሰፈር ሕግ በሚያስከብር ክፍል ከሆነ የነገረዎት ለጊዜው እውነት ነው፤ ከተዋጊ ኃይል ጋር በሚንቀሳቀስ ሻምበል ከሆነ ግን ክፍሉ በዘመተ ጊዜ አብሮ ይዘምታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊዛወር ስለሚችል፣ ጥያቄውን በየምደባው መድገም ይኖርብዎታል።