ወንድሜ ከጀርመን በካርዱ ይክፈል ወይስ እዚሁ ልቁረጥ ብለሽ ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽን እመቤቴ ማርያም ትማርልሽ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት፣ እናትሽን ከሸዋሮቢት ለህክምና ህንድ ልትወስጃቸው ነው፣ ትኬቱን እዚሁ በብር ልቁረጥ ወይስ ጀርመን ያለው ወንድሜ በካርዱ ይክፈልልኝ፣ እዚያ ከደረስን በኋላስ በካርድ መንቀሳቀስ ይቻላል ወይ ነው ያልሽው። እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ አባቴን በ2017 ጥቅምት ላይ ለልብ ህክምና ህንድ ቼናይ ከተማ ወስጄ አርባ ምናምን ቀን ተቀምጠን ነው የተመለስነው። ያየሁትን ነው የምጽፍልሽ፣ ረዘም ይላልና በትዕግስት አንብቢው።

እኔ ስነሳ ሃሳቤ ሁሉ ካርዱ ላይ ዶላር ማስሞላት ነበር፣ ዶላር ካለ ሌላው ይሆናል ብዬ። እዚያ ስደርስ ግን ያስለቀሰኝ የማረጋገጫ ኮዱ ነው። ኦንላይን ስትከፍዪ ባንኩ ስልክ ላይ የሚልከው ቁጥር አለ አይደል፣ ኦቲፒ የሚሉት፣ እሱ የሚመጣው ባንክ ባስመዘገብሽው ሲም ነው፣ ሲሙ ደግሞ ሮሚንግ ካልተከፈተለት ውጭ አገር ምንም አይገባበትም። ሐኪሞቹ አባቴን አይተው ሁለት ሳምንት ጨምሩ አሉን፣ ስለዚህ የመመለሻውን ቀን መቀየር ነበረብኝ፣ ቀን ሲቀየር የዋጋ ልዩነት ተባለ፣ ካርዴ ላይ ገንዘብ አለ፣ ቁጥሩን አስገባሁ፣ ኮድ አስገባ ይለኛል፣ ኮዱ አይመጣም። እንደገና ሞከርኩ፣ አሁንም የለም። ሦስተኛው ላይ ካርዱ ታገደ። ቀኑ እሁድ ነው፣ ባንኩ ጋ ስደውል የሚያነሳ የለም፣ አባቴ አልጋ ላይ ሆነው ምን አሉህ ይሉኛል፣ ምንም የለም አባዬ እያልኩ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር።

ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ባንክሽ ሄደሽ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ካርዱ ኦንላይን ግዢ ተከፍቶለታል ወይ፣ ኮዱ በኤስኤምኤስ ብቻ ነው ወይስ በኢሜይል ወይም በአፕም ይመጣል፣ ውጭ አገር ሆኜ ቢታገድብኝ ቅዳሜና እሁድ የሚያነሳው ቁጥር የቱ ነው። ሲምሽንም ሮሚንግ አስከፍቺውና እዚያ ለኢንተርኔት የምትገዢውን ሲም በሁለተኛው ቦታ አድርጊ፣ የኛውን አውጥተሽ ቦርሳ ውስጥ እንዳትከቺው፣ እኔ ያደረኩት እሱን ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ይክፈል፣ ግን ራሱ እዚያው ሆኖ ይክፈል። የካርዱን ፎቶ ከጀርባው ሦስት ቁጥር ጋር በቴሌግራም ልኮልሽ አንቺ ከዚህ እንድትሞክሪ አታድርጉ። እኛ ያንን ሞክረን ነበር። ሜሪላንድ ያለችው ታላቅ እህቴ ፎቶውን ላከችልኝ፣ እኔ ከቼናይ አስገባሁት፣ የሷ ባንክ በአሜሪካ ካርድ ከህንድ ሲሞከር ስላየ አስቆመውና አንቺ ነሽ ወይ ብሎ ለሷ መልዕክት ላከላት፣ እኛ ጋ ጠዋት ሲሆን እሷ ጋ ሌሊት ነው፣ ተኝታለች። ስትነሳ ነው ያየችው። በኋላ ነገሩ ምን ያህል ቀላል እንደነበር ሳየው ነው የቆጨኝ፣ ትኬቱ ሲያዝ የተሰጠንን ባለ ስድስት ፊደልና ቁጥር የቡኪንግ ኮድና የአባቴን ሰርኔም፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን የአያት ስም፣ ላኩላት፣ አየር መንገዱ አፕ ላይ ገብታ ቀኑን ቀየረች፣ በራሷ ስልክ አረጋግጣ ከፈለች፣ ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ትኬት በየትኛውም አገር ሆኖ መክፈል ይቻላል፣ መገናኘት ያለባቸው ካርዱና የካርዱ ባለቤት ስልክ ናቸው። አውሮፓ ደግሞ ባለካርዱ ኦንላይን ሲከፍል ሁለት ዓይነት ማረጋገጫ እንዲሰጥ ህጉ ራሱ ያስገድዳል፣ ወንድምሽ አፑ ላይ እሺ ካላለ አይሄድም። እህቴ ያን ካርድ ቁጥሩ ቴሌግራም ላይ ስለዞረ አዘግታ ሌላ አስወጣች፣ ጥሩ አደረገች።

አንድ ነገር ግን አለ፣ አንዳንድ አየር መንገዶች ከፋዩ የማይጓዝ ሲሆን ኤርፖርት ቼክ ኢን ላይ የተከፈለበትን ካርድ አሳዪ ይላሉ። ወንድምሽ ከመክፈሉ በፊት ይሄን አንብቦ ያጣራ፣ ካስፈለገ ጀርመን ያለው ቢሯቸው ሄዶ ይክፈል። ደግሞ ትኬቱ ቢሰረዝ ገንዘቡ የሚመለሰው በተከፈለበት ካርድ ነው፣ ለአንቺ አይመጣም፣ በመሃላችሁ ቅሬታ እንዳይመጣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የኔ ምክር ግን የምትሄዱበትን የመጀመሪያውን ደርሶ መልስ ትኬት እዚሁ በብር ቁረጪው ነው። ለምን መሰለሽ፣ እኔ የጉዞ ዶላር ልግዛ ስል ባንኩ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አምጣ ነው ያለኝ፣ ትኬት ሳይኖር ዶላሩም የለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቼናይ፣ ዴልሂ፣ ሙምባይና ቤንጋሉሩ ይበራል፣ ከአፑ ላይ በሞባይል ባንኪንግ ወይ በቴሌብር በብር መክፈል ይቻላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ የቆረጥሽው ቀን ያለው ዋጋና የሳምንት በኋላው ሊለያይ ይችላል፣ ቀኑ ከታወቀ አታዘግዪው። ስትቆርጪ ደግሞ ርካሹን አይተሽ ብቻ አትወስኚ፣ ቀን ለመቀየር ስንት ያስከፍላል የሚለውን እዪ፣ ታማሚ ይዘሽ ስትሄጂ የመመለሻ ቀን የሚቆርጠው ሐኪሙ ነው። የወንድምሽን ካርድ ለዚያን ጊዜ አቆዪው። በኦንላይን የሚወጣውን የህንድ ኢ-ቪዛ ክፍያ ግን እሱ ቢከፍልልሽ ይቀላል፣ የህንድ መንግሥትን ትክክለኛ ድረ ገጽ ብቻ ተጠቀሙ፣ የሚመስሉ ብዙ አሉ። ለታማሚው የህክምና ቪዛ፣ ላንቺ የአስታማሚ ቪዛ ነው የሚሞላው፣ ቢጫ ወባ ክትባቱንም ከመነሳታችሁ ቢያንስ 10 ቀን በፊት ተከተቡ፣ የክትባት ካርዱ ከሌለ ህንድ ኳራንቲን ያስገባል።

ስም ላይ እባክሽ ተጠንቀቂ። የኛ ፓስፖርት ላይ ሰርኔም በሚለው ቦታ ያለው የአያት ስም ነው፣ ስምና የአባት ስም አንድ ላይ ሆነው ጊቭን ኔም በሚለው ይገባሉ። ውጭ የቆየ ሰው ግን የአባቱን ስም ሰርኔም አድርጎ የለመደ ብዙ ነው። እህቴ መጀመሪያ በአንድ የኦንላይን ወኪል በኩል ስትይዝልን የአባቴን ስም እንደዚያ አድርጋ ጻፈችው፣ ለማስተካከል ወኪሉ ተጨማሪ ገንዘብ ጠየቀ፣ አየር መንገዱ ደግሞ ወኪሉን ጠይቁ አለን፣ እንዲሁ አራት ቀን ስንመላለስ በመጨረሻ ሰርዘን ከራሱ ከአየር መንገዱ ገዛን። ከዚያ በኋላ ከወኪል አልገዛሁም፣ ትንሽ ቢረክስም። የእናትሽን ፓስፖርት ፎቶ ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች እዪ፣ በላይኛው መስመር ከኢትዮጵያ ምልክት ከETH ቀጥሎ መጀመሪያ የሚመጣው ሰርኔሙ ነው፣ ፊደል በፊደል እሱን ቅጂ።

ከፍለሽ ስትጨርሺ ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው ቡኪንግ ኮድ ስለመጣልሽ ተቆረጠ ማለት አይደለም፣ ወረቀቱ ላይ 13 አሃዝ የትኬት ቁጥር መኖር አለበት፣ የኢትዮጵያ ከሆነ በ071 ይጀምራል። እሱ ከሌለ ቦታ ተይዟል እንጂ ትኬት የለሽም። ይሄ የገባኝ ከቼናይ ዴልሂ የአገር ውስጥ በረራ ልይዝ ስል ነው፣ ሌላ ሐኪም እንዲያያቸው አስበን ነበር። የዚያው አገር የትኬት ድረ ገጽ ላይ የውጭ ካርድ አስገባሁ፣ አልተሳካም አለኝ፣ ገንዘቡ ግን ከካርዱ ላይ ተቀንሶ አየሁት። ደንግጬ እንደገና ልከፍል ስል አጠገባችን የነበረ የሱዳን ሰው ተው ጠብቅ፣ ፔንዲንግ ነው፣ ገና አልተጠናቀቀም አለኝ። እውነቱን ነበር፣ በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ። እንዲህ ሲሆን ደግመሽ አትክፈዪ፣ ስክሪኑን ፎቶ አንሺና አየር መንገዱን ጠይቂ።

እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ትልቅ ሆስፒታልና ፋርማሲ ላይ ቪዛና ማስተርካርድ ይሠራል። ማሽኑ ግን በሩፒ ልቁረጥ ወይስ በዶላር ብሎ ይጠይቅሻል፣ ዶላሩን ስለምናውቀው እሱን መምረጥ ይቀናናል፣ እንዳትመርጪ። ሁልጊዜ የአገሩን ገንዘብ፣ ሩፒውን ምረጪ። ዶላር ስትዪ ምንዛሪውን የሚሠራው ያ ማሽን ነው፣ የራሱን ትርፍ ጨምሮ። እኔ የመጀመሪያ ቀን 10,000 ሩፒ መድኃኒት ስገዛ በዚያ ሰሞን ምንዛሪ 119 ዶላር አካባቢ መሆን የነበረበት ወደ 125 ተቆረጠብኝ፣ በየቀኑ መድኃኒት ለሚገዛ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም። ፈጥኖ የሚነካው ሻጩ ከሆነ ማሽኑን ወደኔ አዙርልኝ በዪው። ጀርመን ያለውም ወንድምሽ አየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ምርጫ ከመጣለት ባንኩ ራሱ ይመንዝር ይበል።

ለባጃጅ፣ ለሻይ፣ ለፍራፍሬ ካሽ ያዢ። ሁሉም በስልክ ኪውአር እያነሳ ነው የሚከፍለው፣ የኛ ካርድ እዚያ አይገባም። ኤቲኤም ስታወጪ በእያንዳንዱ ላይ ቁርጥ ያለ ክፍያ አለው፣ ትንሽ ትንሽ ከምትመላለሺ አንዴ በርከት አድርጊና ያወጣሽውን ከፋፍለሽ አስቀምጪ። ትልቁ ኖታ 500 ሩፒ ነው፣ ለባጃጅ 100ና 50 ዘርዝሪ። ካርድም አንድ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ፣ ሁለት ከሁለት ባንክ፣ አንዱ ሲታገድ ሌላው እንዲኖርሽ፣ አንድ ቦርሳ ውስጥም አይሁኑ።

ሰዓቱን ደግሞ አደራ። ትኬት ላይ ማክሰኞ 01:40 ካለ በኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ40 ነው፣ ማለትም ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ኤርፖርት የምትገኙት ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ የሄደ ሰው አይቻለሁ፣ ትኬቱ አልፎበት። ቀኑንም በፈረንጅ ካላንደር አጣሪና ለእናትሽ በኛ ቀን ንገሪያቸው። ስትይዢ ዊልቸር አስሞዪላቸው፣ ክፍያ የለውም፣ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ነው የሚጠየቀው፣ አባቴ አያስፈልገኝም ብለው ነበር፣ ቦሌ ያለውን ሰልፍ ሲያዩት ግን ተቀመጡ።

መንገዱን በተመለከተ በበረራው ቀን ከሸዋሮቢት አትነሱ። ጣርማ በር ላይ ጉም ከያዘ መኪናው ይዘገያል፣ ከደብረ ብርሃን በኋላም 130 ኪሎ ሜትር አለ፣ ሰንዳፋ ከደረሳችሁ ወዲህ ያለው መጨናነቅ አይታወቅም፣ ቦሌ ደግሞ ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀደም ብላችሁ መገኘት አለባችሁ። አዲስ አበባ ዘመድ ካለሽ እዚያ እደሩ፣ ከሌለ እኛ ቤት ደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት አርፈው በጠዋት ይቀጥሉ፣ ከቆላ ለመጡ ብርዱ ይከብዳቸዋልና ጋቢ ይያዙ እንጂ ባና እኛ ጋ አለ፣ የመንዝ ነው። ትኬቱን ከመክፈልሽ በፊት የእናትሽን የፓስፖርት ስም አጻጻፍና የበረራውን ሰዓት በውስጥ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን፣ ካርድ ቁጥር ግን ለኔም ቢሆን አትላኪ።