ቤተሰቡ የሚቀመጠው ከኋላ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ። የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ እናቴም አብራን ትኖራለች። ለኪሳችን የምትስማማ፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር አውቶማቲክ የቤት መኪና ልገዛ ነው። ከሻጩ ጋር ሃያ ደቂቃ ያህል ነድቻት ወድጃታለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ማርሽ የቀየረች አትመስልም፤ ፍጥነቷም ከጩኸቱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ካምቢዮዋ ችግር ይኖርበት ይሆን? ገንዘብ ጨምሬ ባለ 2.0 ሊትሯን ብገዛስ ይሻለኛል? ባለቤቴ «ባዶ መኪና ነድተህ ምን አወቅህ?» ትለኛለች። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ባለቤትዎ መልሱን ጨርሰውታል። የእኔ ድርሻ ማብራራት ብቻ ነው።

ይህን አምድ ከመጀመሬ በፊት 22 ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። አውቶቡስ ላይ አነዳድዎን የሚነግርዎት መሪው ሳይሆን በውስጥ መስታወት የሚታየው የተሳፋሪ ራስ ነው። ፍሬን ሲይዙ ራሶቹ ሁሉ አንድ ላይ ወደ ፊት ካጎነበሱ ጥፋቱ የእርስዎ ነው። ልማዱ ዛሬም አልለቀቀኝም። በቅርቡ እርስዎ የመረጧትን የምትመስል ባለ 1.6 ሊትር የቤት መኪና ለአራት ቀን ተውሼ ነበር። ሁለቱን ቀን ራሴ ነዳኋት፤ ሁለቱን ቀን ልጄን መሪ አስይዤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ቁም ነገሩን ያገኘሁት ከኋላ ስቀመጥ ነው።

በጩኸቱ እንጀምር። ካምቢዮው ጤነኛ ይመስለኛል። የመኪናዋ ካምቢዮ ሲቪቲ የሚባለው ዓይነት ይመስላል፤ በየተራ የሚገቡ ማርሾች የሉትም። ሁለት ሾጣጣ ፑሌዎች አሉት፤ በመካከላቸው የብረት ቀበቶ ይዞራል። ፑሌዎቹ ሲጠብቡና ሲሰፉ ቀበቶው ከፍ ዝቅ እያለ ያለ ምንም ደረጃ ፍጥነቱን ያመጣጥናል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የኔዘርላንዱ ዳፍ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ባስተዋወቃት ትንሽ መኪና ላይ በጎማ ቀበቶ የሚሠራ ተመሳሳይ ካምቢዮ ገጥሞ ነበር። ነዳጅ አጥብቀው ሲረግጡ ካምቢዮው ሞተሩን ጥሩ ኃይል ወደሚሰጥበት ዙር ያወጣውና እዚያው ይዞት ይቆያል፤ መኪናዋ ቀስ እያለች ትደርስበታለች። ጆሯችን የለመደው ወጣ ገባ የሚል ድምፅ ስለሆነ ይህ አንድ ወጥ እሪታ ይከብደናል። እኔም በመጀመሪያው ቀን ተናድጄበታለሁ። በማግስቱ ግን ዳገቱ ሳይጀምር ፍጥነት እየያዝኩ፣ ፔዳሉንም ከግማሽ ሳላሳልፍ ስነዳ ጩኸቱ ብዙ በረደ። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ከቆመችበት ስትነሳ የምትንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ወይም እግርዎን ሳያንቀሳቅሱ የሞተሩ ዙር ብቻውን ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ባለሙያ ይያት። ዘይቱም ለዚህ ዓይነት ካምቢዮ የተሠራው ብቻ ይሁን፤ የሌላ አውቶማቲክ ዘይት ቢጨምሩበት ቀበቶውንና ፑሌዎቹን ያበላሽብዎታል።

ስለ ሞተሩ አብረን እናስላ። ባዶዋ መኪና 1,300 ኪሎ ግራም ብትመዝን አምስት ሰው ከነሻንጣው 400 ኪሎ ግራም ያህል ይጨምርባታል። የክብደቷን ሲሶ ገደማ ማለት ነው። ተርቦ፣ ማለትም አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳበት ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ 10 በመቶ ያህል ያጣል። እኔ አራት ሰው ይዤ ዳገት ላይ አንድ የጭነት መኪና ልቀድም ወጣሁና ተመልሼ ከኋላው ተሰለፍኩ። አላፈርኩም። አብዛኛው መንገድዎ ከተማ ውስጥ ከሆነ 1.6 ይበቃዎታል። ደጋ ላይ ሆነው በየሳምንቱ ሙሉ ቤተሰብ ጭነው አገር አቋራጭ የሚሄዱ ከሆነ ግን ባለ 2.0 ሊትሯን ይውሰዱ። ገንዘቡ የሚታወቅዎት ለመቅደም በወጡ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ኋላ ወንበር እንሂድ። የሹፌሩን ወንበር ለራስዎ ቁመት ያስተካክሉና ሄደው ከራስዎ ጀርባ ይቀመጡ። በተዋስኳት መኪና ውስጥ ጉልበቴ ከፊተኛው ወንበር አራት ጣት ያህል ይርቅ ነበር፤ መልካም ነው። ራሴ ግን ቀጥ ብዬ ስቀመጥ ጣሪያውን ነካ፤ ጣሪያው ለመልክ ሲባል ወደ ኋላ ስለሚያዘቀዝቅ ነው። የመሐሉ መቀመጫ ተጣጣፊ የክንድ ማሳረፊያ ስላለበት እንደ ሳንቃ ደረቅ ነው፤ ከእግር ሥርም የወለሉ ጉብታ አለ። እናትዎ እዚያ እንዲቀመጡ እንዳያስቡ።

ባለቤቴ ጉልበቷን ያማታል። በሩ በሰፊው ይከፈታል፤ ነገር ግን ከታች በኩል በኋላ ጎማው ቅስት ምክንያት መግቢያው ይጠብባል። መጀመሪያ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፣ ከዚያ የሚያማትን እግሯን በሁለት እጇ አንስታ አስገባች። ስትወርድ ይህንኑ በተቃራኒው ደገመችው፤ መቀመጫው ዝቅ ያለ ስለሆነ ለመነሳት ትከሻዬን መያዝ ነበረባት። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት እናትዎን ሦስት ጊዜ አስገብተው ያስወርዷቸው። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ እናቶች በመጀመሪያው «ደህና ነው» ነው የሚሉት።

የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ከፍ ባለው የልጅ መቀመጫዋ ላይ ሆና እንኳ የመስኮቱ ጠርዝ አገጯ ላይ ይደርስ ነበር። ውጭውን እንደ ልቡ የማያይ ልጅ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ቶሎ ያቅለሸልሸዋል። የልጅ መቀመጫ ማሰሪያ ቀለበቶቹም፣ ኢሶፊክስ የሚባሉት፣ በሁለቱ ዳር ወንበሮች ብቻ ነው ያሉት፤ በስፖንጁ መካከል ጠልቀው ስለተቀበሩ ስፈልጋቸው ጣቴ ተልጧል።

ከፊትና ከኋላ በጣም የሚለያየው የመንገዱ ስሜት ነው። መሪ ይዤ ሳለሁ የፍጥነት መግቻ ሳልፍ ለስላሳ መስላኝ ነበር። ከኋላ ስቀመጥ ግን ወገቤ ሌላ ነገር ነገረኝ። በዋጋ ረከስ ባሉ ብዙ መኪኖች ላይ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንድ አግዳሚ ብረት ያያይዛቸዋል፤ ርካሽና ጠንካራ ነው፣ ቦታም አይሻማም። ነገር ግን የግራው ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ከንዝረቱ ጥቂቱ ወደ ቀኙ ይሻገራል። ለየጎማው የራሱ ክንዶች ሲኖሩት እያንዳንዱ ጎማ የራሱን ጉድጓድ ለብቻው ይወጣል። ቶዮታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ባሳየው በ12ኛው ትውልድ ኮሮላ ላይ በአብዛኛው ገበያ ወደዚህ አሠራር መዞሩ የወግ ጉዳይ አልነበረም። የመረጧት መኪና ከየትኛው ወገን እንደሆነች ጎንበስ ብለው ከሥር ይመልከቱ፤ ከዚያ በአንድ በኩል የተቦረቦረ መንገድ ፈልገው በሰዓት በ30 ኪሎ ሜትር ያሳልፏት። የጎማ ድምፅም ከኋላ ይበልጣል፤ በመቀመጫውና በዕቃ መጫኛው መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነው።

የዕቃ መጫኛው በሊትር ሲነገር ሰፊ ነው። ክዳኑን ሲዘጉ ግን ሁለቱ የክዳኑ ቆልማማ ክንዶች ወደ ውስጥ ገብተው ሻንጣ ይደፈጥጣሉ። የልጅ ጋሪዎን ይዘው ይሂዱና ይሞክሩ።

ስለዚህ ለሻጩ ይደውሉና ሁለተኛ ሙከራ ይጠይቁ፤ ይህኛው አንድ ሰዓት ይሁን፣ ቤተሰቡም ሙሉ ይገኝ። ባለቤትዎ መሪ ይያዙ፤ እርስዎ ከኋላ፣ ከእናትዎ ጎን።

ጥያቄ፦ ማታ ሙሉ ሰው ጭኜ ስነዳ ከፊት የሚመጡ ሹፌሮች መብራታቸውን ያበሩብኛል። እኔ አጭሩን መብራት ነው የማበራው። ምንድን ነው?

መልስ፦ ከኋላ ሲጫን የመኪናው ጭራ ይወርዳል፣ አፍንጫው ይነሳል፤ መብራትዎም ዓይናቸው ውስጥ ይገባል። በብዙ መኪኖች ላይ ከመሪው አጠገብ ከ0 እስከ 3 የተጻፈባት ትንሽ መዘውር አለች፤ ጭነቱ በጨመረ መጠን ቁጥሩን ከፍ ያድርጉ። የጎማውንም ነፋስ ይመልከቱ፦ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት አንዱ ቁጥር ለባዶ፣ ሌላው ለሙሉ ጭነት ነው። ሲያራግፉ መዘውሯን ወደ 0 ይመልሱ። እኔ ረስቼ አንድ ሳምንት ሙሉ አፍንጫዬ ሥር ያለውን መንገድ ብቻ እያየሁ ነድቻለሁ።